የደንገጎ መንገድ፦ «አሮጌው» የትኛው ነው? በመንገዱ ዳር የሚታየው ድንጋይስ?

የሳቢያን ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንጓዝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት እንዳጋመሰ ውሃው ፈልቶ ከመንገድ ወጣ ብሎ ቆመ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በመስኮት ብቻ ሳየው የኖርኩትን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሬ ቆሜ ተመለከትኩት። ሁለት ነገሮች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ ስላልጠፉ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው የድንጋዩ ነገር ነው። መንገዱ ሲቆረጥ የተጋለጠው ግድግዳ ከታች በኩል ነጣ ያለና በሞሰብ ላይ እንደተደረበ እንጀራ ንብርብር ነው። ከፍ ስንል ቀላ ያለ፣ በጥፍር ሲጫሩት አሸዋ የሚያረግፍ ድንጋይ መጣ። ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን ያ ነጩ ድንጋይ እንደገና ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ደግሞ ታየ። አንድ ድንጋይ በአንድ ተራራ ላይ ስንት ጊዜ ይደገማል?

ሁለተኛው፣ ከቆምንበት ኩርባ ሥር በቁልቋል ተሸፍኖ ያየሁት የድንጋይ ግንብ ነው። በሰው ቁመት ልክ ተደርድሯል፤ በላዩ ላይ ጠባብ ደልዳላ መሬት አለ፤ ደልዳላው መሬት ጥቂት ሄዶ ወንዝ የበላው ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። አጎቴን ስጠይቀው «ጣሊያን የሠራው ነው» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። በእኛ አገር ዕድሜው ያልታወቀ ግንብ ሁሉ የጣሊያን ስለሚሆን መልሱ አላረካኝም።

ጡረተኛ ሾፌር

ልጄ፣ እኔ በዚህ መንገድ ላይ በኤንትሬ ጀምሬ በአይሱዙ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ድንጋዩ ዘር የተማሩት ይንገሩህ፤ ስለ ግንቡ ግን የማውቀውን ልበል።

የደንገጎ መንገድ በየዘመኑ ሲሰፋና ሲታረም ኖሯል። ድሮ ድንጋይ የሚፈነቀለው በዶማ፣ በመዶሻና በባሩድ ስለነበር መንገዱ የተራራውን ሆድ እየተከተለ ይዞራል፤ ጉብታ ሲያጋጥመው ይሸሻል፤ ሸለቆ ሲያገኝ እስከ ውስጥ ድረስ ገብቶ ጠባቧን ቦታ ፈልጎ ይሻገራል። ማሽን ከመጣ በኋላ ጉብታው ተቆርጦ ሸለቆው ተሞላ፤ ኩርባውም ተቃና። ስለዚህ ከአሁኑ አስፋልት በታች ወይም በላይ ተጥለው የቀሩ የድሮ ኩርባዎች አሉ፤ በወጣትነቴ ተራ የምንጠብቅባቸው አንዳንዶቹ ዛሬ የፍየል መዋያ ሆነዋል።

ነገር ግን ያየኸው ግንብ ሁሉ መንገድ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ እርከን በመሥራት ማንም የማይስተካከለው ሰው ነው፤ የእርሱም ግንብ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ የገበሬ እርከን ብቻውን አይቆምም፣ አንዱ ከአንዱ በላይ እየሆነ ይደረደራል፤ ውሃና አፈር እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ስለሆነም ከዳር እስከ ዳር ልክክ ያለ ነው። የመንገድ ግንብ ግን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው በቀስታ ያዘነብላል፤ ላዩ ቢያንስ መኪና ወይም የተጫነ በቅሎ ማሳለፍ አለበት፤ ውሃ መውረጃ ባለበት ቦታም ሥሩ ላይ ቱቦ ወይም የድንጋይ ቀዳዳ ይተውለታል። እንደገና ስትሄድ ቀዳዳውን ፈልግ።

ለባለሙያዎች ደግሞ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። መንገዱ አንድ ሁለት ቦታ ላይ በየክረምቱ ይሰምጣል፤ ይጠገናል፤ በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይሰምጣል። ሥራ ተቋራጩ ቢቀያየርም ቦታው አይቀየርም። ለምንድን ነው?

ባለ መዶሻ

ጥያቄው ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም። ድንጋዮቹ የተፈጠሩበትን ተራ መጀመሪያ በአእምሯችን እንያዝ። ከሁሉም ሥር ያለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው መሠረት ሲሆን፣ ግራናይትና በሙቀትና በጫና ብዛት መልኩን የለወጠ ድንጋይ ነው። በእርሱ ላይ ወንዞች ያመጡት አሸዋ ተከምሮ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የምንለውን ሠራ። ከዚያ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ባሕር ገባ። ይህ በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ዛሬ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማና ከዚያም አስቀድሞ የሆነ ነው። በባሕሩ ወለል ላይ የተጠራቀመው የቀንድ አውጣና የልዩ ልዩ ፍጥረታት ቅርፊት፣ ከኖራማ ደለል ጋር ጠጥሮ ሐማንሌይ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ አስገኘ። ባሕሩ ሲሸሽ እንደገና አሸዋ መጣ። በመጨረሻ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሁሉም ላይ ጥቁሩን ባዛልት አለበሰው።

ይህ ተራ ቢጠበቅ ኖሮ ከድሬዳዋ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ አንድ ጊዜ ብቻ ያይ ነበር። ነገር ግን የአፋር ዝቅታ ሲሰምጥ የሐረርጌ ተራራ ጠርዝ በአንድ ገደል ብቻ አልተቆረጠም፤ በብዙ ትይዩ ስንጥቆች ተከፋፍሎ እንደ ደረጃ ወረደ። እርስዎ ባነሱት እንጀራ ልመልስ፦ የተደረበውን እንጀራ በቢላ ለአራት ቆርጠን አንዱን ቁራጭ ከሌላው ዝቅ እያደረግን ብናስቀምጠው፣ ከታች ወደ ላይ የምትወጣ ጉንዳን ያንኑ እንጀራ አራት ጊዜ ታገኘዋለች። ከላይ መሆን የሚገባው ጥቁሩ ባዛልት ከከተማው አጠገብ ባለ ዝቅተኛ ቁራጭ ላይ፣ ከሁሉ ሥር መሆን የሚገባው ጥንታዊ ድንጋይ ደግሞ ደንገጎ አካባቢ ከፍታው ላይ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአቶ ሾፌር ጥያቄ እዚሁ ውስጥ ይመለሳል። አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ ተፋትጎ በወረደበት መስመር ድንጋዩ ተፈጭቶ ወደ ጭቃና ኮረት ተለውጧል፤ ውሃም በዚያ በኩል ይሰርጋል። መንገዱ ያንን መስመር አቋርጦ ከማለፍ ሌላ አማራጭ የለውም። ተቋራጩ የሚጠግነው የላዩን ሽፋን ነው፤ የሚሰምጠው ግን ከሥሩ ያለው ነው። ቦታዎቹን ሳላይ ሁሉም በዚህ ምክንያት ይሰምጣሉ ብዬ አልምልም፤ ቱቦው የተደፈነበት መንገድም ይሰምጣልና።

ነጩ ድንጋይ በእርግጥ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጉ ሎሚ ይያዙ። ድንጋዩን በቢላ ፋቅ አድርገው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ አረፋ ከኮረፈ ኖራ ነው። አቼቶም ይሠራል።

የጁገል ልጅ

ስለ «አሮጌው መንገድ» ስንናገር ማስተካከል ያለብን አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ከድሬዳዋ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ የጥንት መንገድ ይመስለናል፤ በእኔ እምነት ግን ከሐረር መንገዶች ሁሉ ልጅ እርሱ ነው። ይህን መንገድ የወለደው ባቡር ነው።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የሐረር ዋና የንግድ በር ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደው መንገድ ነበር፤ ያም መንገድ የሚያልፈው ዛሬ ድሬዳዋ ባለችበት ቦታ ሳይሆን በስተምሥራቅ በኩል በተራራው ግርጌ በምትገኘው በጊልዴሳ ነበር። ጊልዴሳ ቀረጥ የሚከፈልባትና ጭነት የሚለወጥባት ከተማ ነበረች። ከባሕር ዳርቻ በረሃውን አቋርጦ የመጣው ግመል እዚያ ይራገፋል፤ ዳገቱ ለግመል ስለማይመች ዕቃው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል፤ ከሐረር የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ በተቃራኒው። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ሲይዙ ጊልዴሳ ላይ ጦር ማስፈራቸውም የዚህን መተላለፊያ ዋጋ ያሳያል።

ባቡሩ መጀመሪያ ሲታቀድ ሐረርን እንዲነካ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ግን ከዚህ ግድግዳ ሥር ሲደርስ ወጪውም ድካሙም ከበደው፤ የእንፋሎት ባቡር ባለ መዶሻ የቆጠሩልንን ደረጃ መውጣት አይችልምና። ስለዚህ መስመሩ በቆላው በኩል ቀጥሎ ሐረር ወደ ጎን ቀረች፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። የመጀመሪያ ስሙ «አዲስ ሐረር» መባሉ ሁሉን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ሐረር የሚገባው ዕቃ ከባቡር ጣቢያው መነሣት ስላለበት የተራራው መውጫ ከጊልዴሳ ወደ ደንገጎ ዞረ፤ ጊልዴሳም ገበያዋ ተፈታ። ጥንትም ከዚያ ሜዳ ወደ ተራራው የሚያወጣ የእረኛና የእንጨት ለቃሚ መንገድ አልነበረም አልልም፤ የምናገረው ስለ ዋናው መንገድ ነው።

ሌላም ጨምሬ ልበል። ደንገጎ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ከአዲስ አበባ፣ በጭሮና በቁልቢ በኩል ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ያኛው የተራራውን ጀርባ ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክና የአሚር አብዱላሂ ጦር የተጋጠሙበት ጨለንቆም በዚያው ጀርባ ላይ ነው። እንግዲህ ከደንገጎ እስከ ሐረር፣ በዓደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ያለው ክፍል አሮጌ ነው፤ ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ከባቡሩ የሚያንስ ታናሽ ነው። አንድ መንገድ ብለን የምንጠራው ሁለት ዘመን ነው።

ከዚራ

ታዲያ ጣሊያን ድርሻ የለውም ልትሉን ነው?

የጁገል ልጅ

አለው እንጂ። ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ በ1935 እ.ኤ.አ. ከድሬዳዋ ሐረር በመኪና ይኬድ ስለነበር፣ «ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት መንገድ አልነበረም» የሚለው አያስኬድም። በወረራው ዘመን ግን ለከባድ መኪና እንዲሆን አስፍቶታል፤ ለጦሩ ያስፈልገው ነበር። ሲሸሽ ደግሞ አፈረሰው። ሐረር መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ከእጁ ስትወጣ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ በፈንጂ ተበጣጥሶ ስለነበር አሳዳጁ የደቡብ አፍሪካ ጦር ድሬዳዋ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዛሬ በአንድ ሰዓት ተኩል የምንወርደው መንገድ ነው።

የደቻቱ ዳር

ሁላችሁም ወደ ላይ ስትመለከቱ እኔ ከታች ልናገር። ጋሼ ሾፌር፣ በድሬ ደንብ «አንተ» ብልህ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ።

ያ ተራራ በየቀኑ ወደ ቤታችን ይገባል። የድሬዳዋ ሰው ሆኖ ማንቆርቆሪያውን በየጊዜው ያላራገፈ የለም፤ ውሃው በፈላ ቁጥር ከሥሩ እየተጋገረ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት፣ ዝናቡ በኖራው ድንጋይ ስንጥቅ ሲወርድ አሟሙቶ ያመጣው ያው የባሕር ድንጋይ ነው። እናቴ በሎሚ ነበር የምታስለቅቀው። የባለ መዶሻን ምርመራ ሳነብ ሳቄ የመጣው፣ እኛ ስሙን ሳናውቅ በማጀታችን ስንሠራው ስለኖርን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥሬ ዕቃው ከከተማው ጀርባ ተቆልሏል።

ድንጋይ ለማየት ደንገጎ ድረስ መውጣት የማይችል ሰው ከተማችንን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ ይውረድ። በበጋ አሸዋው ላይ አሥር እርምጃ ሳትሄዱ ነጩን፣ ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ እንዲሁም እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ያለበትን ሐምራዊ ግራናይት ታገኛላችሁ። ነጩ ብዙውን ጊዜ ክብ ሆኖ ለስልሷል፤ ጥቁሩ ጥንካሬ ስላለው ጠርዙ ቶሎ አይሞትም። ልጆቼን ይዤ ወርጄ በቀለም እያስለየሁ አስደርድሬያቸዋለሁ። በክረምት ግን በፍጹም። ከላይ የዘነበው ያንን ደረጃ ሁሉ ወርዶ ከተማው ውስጥ የሚገባው በጣም በአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል። የዚያን ጠዋት ደለሉ መካከል በር የሚያህል ድንጋይ ቆሞ አይቻለሁ፤ ከየት እንደተነሣ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ባለ መዶሻ

ስለ ማንቆርቆሪያው ከእኔ የተሻለ አስረድተዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ደንገጎ የውሃ መለያያም ነው። በሰሜን በኩል የወደቀው ዝናብ በእነ ደቻቱ ወርዶ በበረሃው አሸዋ ውስጥ ይጠፋል፤ ሐረርን አልፎ በደቡብ የሚፈሰው ግን በኤረር በኩል ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል። ሐረማያ በመካከል መውጫ በሌለው ጎድጓዳ መሬት ላይ ያለች ስለሆነች ውሃዋን ለማንም አታካፍልም ነበር፤ በመስኖና በከተማ ፍጆታ ከአቅሟ በላይ ስትቀዳ ደርቃ ቆይታ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሳ መያዝ ጀምራለች።

ከዚራ

ከደቻቱ በላይ ያለው የጃርት ዋሻ የሚባለውስ እዚህ ውይይት ውስጥ ይገባል? አንድ ጊዜ ወጥቼ ዋሻውን ከሩቅ ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ።

የጁገል ልጅ

ይገባል፤ ዋሻውን የቦረቦረው ውሃ፣ የተቦረቦረውም ያው የኖራ ድንጋይ ነው። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1929 እ.ኤ.አ. ካገኙት ወዲህ በተለያየ ጊዜ ተቆፍሯል፤ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የፈጩትና የፋቁት ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቀለም ቁራጭ ወጥቶበታል። ሐዲዱም መንገዱም ሳይታሰብ ከዚያ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ሜዳው የሚመለከት ሰው ነበር ማለት ነው። ከባልጩቱም ከአፈሩም ምንም አታንሡ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስፈቅዱ።

ጡረተኛ ሾፌር

ድንጋይ የሚወድ ሰው ሐረር ላይ አይቁም። ወደ ጅግጅጋ ሲቀጥል ከባቢሌ አልፎ ዳካታ ሸለቆ ይደርሳል፤ እዚያ አንድ ትልቅ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ላይ፣ ልጅ በጣቷ ብትነካው የሚወድቅ መስሎ ተቀምጧል። ስንት ዓመት በሥሩ ሳልፍ «ዛሬ ይወርዳል» እያልኩ ነበር። እርሱ እዚያው አለ፤ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ማን ነው የቆለለው?

ባለ መዶሻ

ማንም አልቆለለውም፤ ከላይ የተጫነ ሳይሆን ዙሪያው የተራቆተ ነው። ድንጋዩ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ጥንታዊው ግራናይት ሲሆን፣ በላዩ የነበረው ሁሉ እዚያ ታጥቦ አልቋል። ግራናይት ቁመትና አግድም የሆኑ ስንጥቆች አሉት። ገና ከአፈር ሥር ሳለ ውሃ በስንጥቆቹ ገብቶ ማዕዘኖቹን ከሁለትና ከሦስት ወገን ስለሚበላ ዙሪያው ወደ አሸዋ ይለወጣል፤ መካከሉ ግን ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ኋላ ጎርፍ ለስላሳውን ሲጠርግ ድቡልቡሎቹ በነበሩበት ቦታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳለ፣ ለብርሃን ይወጣሉ።

የሳቢያን ነዋሪ

እሑድ ጠዋት አጎቴን፣ አራት ሎሚና አንድ ካራ ይዤ ሄድኩ። ውጤቱን ላቅርብ።

የመጀመሪያው ነጭ ድንጋይ ላይ ሎሚውን እንዲሁ ስጨምቀው ምንም አልሆነም፤ አጎቴም ከአሁን አሁን ሲስቅብኝ ነበር። ፋቄ ዱቄት ካደረግሁት በኋላ ግን ጆሮዬን አስጠግቼ የሰማሁት ድምፅ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ጥቃቅን አረፋም ወጣ። ከፍ ብሎ ያለውም ነጭ እንዲሁ ኮረፈ። ቀዩ ዝም አለ፤ ጥቁሩም ዝም አለ። ሦስተኛ ነጭ ያልኩት ደግሞ ሳይኮርፍ ቀረ፤ ቀረብ ብዬ ሳየው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ፍሬ ነበረበትና የደቻቱ ዳር የገለጹት ግራናይት ሳይሆን አይቀርም። ከሁለተኛው ድንጋይ ላይ የጥፍሬን ግማሽ የሚያህል፣ እንደ ማራገቢያ የተሰነጣጠረ የቅርፊት ምልክት አገኘሁ። ከባሕር 1,200 ሜትር ከፍ ካለች ከተማ በላይ ቆሜ የባሕር ቅርፊት በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። እዚያው ትቼው መጣሁ።

ግንቡን በጋሼ ሾፌር መለያ መረመርኩት። ብቻውን ነው፤ ላዩ ሦስት እርምጃ ተኩል ይሰፋል፤ ወደ ድሬዳዋ በቀስታ ያዘነብላል። ቁልቋሉን በዱላ ገለል ሳደርገው ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተጋደመበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ ከውስጡም እንሽላሊት ወጣች። ሲሚንቶ የለበትም።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ፣ ባቡሩንም ጊልዴሳንም ጨምሬ፣ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ፤ ግንቡን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ከዚያም «እሺ አቦ፣ የጣሊያን ካልሆነ የቱርክ ነው» አለኝ።